ሃይላንድ! ሃይላንድ!

ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ቃል «ሃይላንድ» ይመስለኛል። ትርጉሙ «ደጋ» መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለካ ደጋ ላይ ቆመን «ደጋ ስጡን» እያልን ነበር የምንጮኸው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው ፒስታ መንገድ ዳር። ከሩቅ አቧራ ሲነሳ ካየን ከብቱን ትተን እንሮጣለን። ላንድክሩዘር ከሆነ ፈረንጅ አለ፣ ፈረንጅ ካለ የታሸገ ውሃ አለ፣ ውሃው ካለቀ ደግሞ ባዶ ጠርሙስ አለ። ከመስኮት አንድ ጠርሙስ ሲወረወር አምስት ስድስት ልጅ ይረባረብበታል። ያገኘው የዛን ቀን ጀግና ነው። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ምርት ስም ነበር፤ ለእኛ ግን የማንም ድርጅት ይሁን፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው። ዛሬም ድረስ እንደዛው ነው የምንጠራው።

እናቴ ቤት ጠርሙስ አይጣልም። አዲሱ መጀመሪያ ለአረቄ ወይም ለዘይት ይሆናል። ሲያረጅ የኩራዝ ጋዝ ይገባበታል። ጋዝ የነካው ወደ ምግብ ስለማይመለስ ክር ታስሮበት ከበር ጀርባ ይንጠለጠላል። ሲቀደድ ከወገቡ ይቆረጥና አንዱ ግማሽ መቅጃ፣ ሌላው የችግኝ ማፍያ ይሆናል። የተረፈንን ቅዳሜ ገበያ ወስደን እንሸጣለን። አንድ ዓመት ደብተሬን የገዛሁት በሃይላንድ ነው።

መኪናው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ይሄን የሚያውቁ አይመስለኝም። በእነሱ መስኮት ሲታይ የምንለምን ሕፃናት ነን። እኛ ግን ሥራ ላይ ነበርን፤ እነሱ የጨረሱትን ዕቃ እኛ ጋ ሲደርስ ገና ይጀምራል።

አሁን በየስብሰባው «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» ሲባል፣ ቱሪዝም ዘላቂ እንዲሆን ዕቃው እየተመለሰ ይሥራ ሲባል፣ ነገሩ ከውጭ የመጣ አዲስ ትምህርት ይመስላል። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ብናየው ግን ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ እንግዳው በዳኮታ አውሮፕላን ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ ይዞር ነበር። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከ12ቱ ሁለቱ፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች፣ የእኛ ነበሩ። ያ ሁሉ እንግዳ ይጠማዋል እኮ! የሚቀርብለት ከ1930 ጀምሮ የሚታሸገው አምቦ ውሃ፣ ቢራ ወይም ለስላሳ ነው፤ ሁሉም በመስታወት ጠርሙስ። ጠርሙሱ ደግሞ የእንግዳው አይደለም። የባለሆቴሉም አይደለም። ባለሆቴሉ ባዶውን ሳጥን ካልመለሰ ወይም ማስያዣ ካልከፈለ ሙሉውን አይወስድም። ሙሉ ጭኖ የወጣው መኪና ባዶውን ጭኖ ይወርዳል፣ ጠርሙሱ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። ይሄን ያመጣው ለተፈጥሮ መቆርቆር አይደለም። ጠርሙስ ውድ ነው፣ በቃ።

ከሆቴሉ ውጭም ያው ነበር። እንስራ ሲሰበር ገሉ ከጎረቤት እሳት መጫሪያ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ እየጮኸ የሚያልፈው ቆራሌው ስሙን ያገኘው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪው ነው ይባላል። ልዋጭ ደግሞ አሮጌ ልብስ ወስዶ አዲስ ሳህን ይሰጣል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ስትገቡ በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ሆኖ ይወጣል። ክቡ የተሠራው በችግር ነው፤ ግን ይሠራ ነበር።

ፕላስቲኩ ሲመጣ ከመስታወቱ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ማስያዣ የለውም። አምራቹ ከሸጠው በኋላ «ጠርሙሴን መልሱልኝ» አይልም። መጀመሪያ ላይ ይሄ አልታወቀም፣ ምክንያቱም ማስያዣው እኛ ነበርን። በየመንገዱ የምንሮጠው ልጆች ለባዶው ጠርሙስ ዋጋ ሰጥተነው ነበር።

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ ተመርቄ ሥራ እንደጀመርኩ፣ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ሄድኩ። ፓርኩ በ1996 ከገባበት የአደጋ መዝገብ በ2017 ወጥቷል፣ ወሬው ሁሉ ጥሩ ነበር። መንገድ ዳር መኪናችን ሲቆም አንድ ልጅ መጣ። እኔም ደስ ብሎኝ ባዶ ጠርሙሴን ዘረጋሁለት። አየው፣ አየኝ፣ ሳቀ።

«ምን ላድርገው ጋሼ? ብር የለህም?»

እውነቱን ነው። የውሃ ፋብሪካው በዝቷል፣ ሃይላንድ በየሱቁ አለ፣ ገበያ ላይ ባዶውን የሚገዛ የለም። ቁልቁል ስመለከት ገደሉ ሥር ጠርሙሶች ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃሉ። ማታ ደባርቅ ባረፍንበት ሆቴል ደግሞ አስተናጋጇ የአምቦና የቢራ ባዶ ጠርሙሶች አንድ በአንድ ቆጥራ ሳጥን ውስጥ ትከታለች። አንዱ ጎደለና ከጠረጴዛችን ሥር ፈልጋ አገኘችው። ፕላስቲኩን ግን ጠራርጋ ጣለችው። ያው እጅ፣ ያው ማታ።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ነገር «ቆሻሻ» የሚባለው ስላረጀ ወይም ስለተበላሸ አይደለም። ከፕሮግራሙ ውስጥ ወደ እሱ የሚያመለክት ሲጠፋ፣ የሚፈልገው ሲያጣ ነው ቆሻሻ የሚሆነው። ሃይላንድም እንደዛ ነው። ያኔ እኛ የተረባረብንበትና አሁን ገደል ሥር ያለው አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። የጠፋው ፈላጊው ነው።

ስለዚህ «ቆሻሻ አትጣሉ» የሚል ሰሌዳ መትከል ብቻውን ሩቅ አይወስድም። ሆቴሎች «ፎጣዎን ደጋግመው በመጠቀም ምድርን ያድኑ» የሚል ካርድ ማስቀመጥ ያበዙት ዘመን ላይ ነው ጄይ ዌስተርቬልድ የተባለ አሜሪካዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ «ግሪንዋሺንግ» የሚለውን ቃል የፈጠረው። አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ማለፍ እንደማለት ነው፤ ካርዱ በዋናነት የሚያድነው የሆቴሉን የሳሙና ወጪ ነበርና።

ማስያዣም ቢሆን አሠራሩ ካልታሰበበት ይከሽፋል። ኔፓል ከ2014 ጀምሮ ኤቨረስት የሚወጡ ቡድኖችን 4,000 ዶላር አስያዘች፤ እያንዳንዱ ወጪ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ ካልወረደ ገንዘቡ አይመለስም ነበር። ብዙዎቹ 8 ኪሎውን ከታችኛው ካምፕ ለቅመው ገንዘባቸውን ወሰዱ፣ የላይኛው ቆሻሻ እዚያው ቀረ የሚል ትችት መጣ። የአምቦ ጠርሙስ ይሄ ችግር የለበትም። የሚቆጠረው ኪሎ ሳይሆን ራሱ ጠርሙሱ ነው፤ ወይ አለ ወይ የለም።

ደባርቅ ላይ ወደ ፓርኩ የሚገባ ማንኛውም ሰው በያዘው ጠርሙስ ልክ ጥቂት ብር ቢያስይዝ፣ ባዶውን ላመጣ ብሩ ቢመለስ፣ እንግዳው የተወውን ያነሳ ልጅም የሚከፈለው ቢሆን፣ ገደሉ ሥር ያለው ነገር በስንት ቀን ያልቃል? ልጁ እኮ አልሰነፈም። ሒሳብ ነው የሠራው፤ እኔም በእሱ ዕድሜ የሠራሁት ያንኑ ሒሳብ ነው።

ጦርነቱ እንግዳውን አስቀርቶታል። ሰላም ወርዶ ሲመለስ ጠርሙሱን ይዞ እንደሚመጣ ግን እርግጠኛ ነኝ። ባለፈው ለእናቴ ደውዬ ይሄን ሁሉ ሳወራላት ዝም ብላ ሰማችኝና «ጋዙ የነበረበት አሁንም ከበር ጀርባ አለ» አለችኝ። መብራት ከገባ ቆይቷል። ለምን እንዳልጣለችው ስጠይቃት ጥያቄው ራሱ የገባት አልመሰለኝም።