ተማሪን ተከትሎ ውጭ አገር የሚሄድ ቤተሰብ መሥራት ይችላል?

ከኩልመስክም ሆነ ከላሊበላ ለትምህርት ውጭ የሚወጣ ሰው ቤተሰቡን ከማስከተሉ በፊት የቪዛውን ዓይነት ይለይ፤ የሥራ መብት የሚወሰነው በዚያ ነው።

አሜሪካ፦ የኤፍ-1 ተማሪ ባለቤትና ልጆች የሚያገኙት ኤፍ-2 ሥራ አይፈቅድም። ተደብቆ መሥራት ሕጋዊ ቆይታን ያበላሻል። የጄ-1 ተማሪ ባለቤት ግን አሜሪካ ከደረሰች በኋላ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች።

ብሪታንያ፦ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ትምህርት የሚጀምር ተማሪ ቤተሰብ የሚያስከትለው በምርምር ድኅረ ምረቃ ወይም በመንግሥት ስኮላርሺፕ ሲማር ነው። የተፈቀደለት ቤተሰብ በአብዛኛው መሥራት ይችላል።

ካናዳ፦ ከጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ወዲህ ባለቤት የሥራ ፈቃድ የሚያገኘው ተማሪው ዶክትሬት፣ ቢያንስ 16 ወር የሚፈጅ ማስተርስ ወይም የተመረጡ የሙያ ትምህርቶችን ሲማር ነው።

ሰነድ፦ በኒካሕ የተጋቡ ጥንዶች ጋብቻቸውን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግበው የምስክር ወረቀት ይያዙ።