እሪ በከንቱ

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲወርዱ፣ በራስ መኮንን ድልድይ አቅራቢያ፣ ወንዙ ቆርጦ በሚያልፈው ሸለቆ ዳርና ዳር የሠፈረውን መንደር የአዲስ አበባ ሰው «እሪ በከንቱ» ይለዋል። አበው እንደሚተርኩት፣ ከተማዪቱ ገና ለጋ በነበረችበት ዘመን ከአራዳ ገበያ ሸጦ ለውጦ የሚመለስ መንገደኛ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ በዚያ ሲያልፍ፣ ቀማኛ ከሥርቻው ወጥቶ አንገቱን ያንቀዋል፤ ምስኪኑም ድምፁ እስኪዘጋ እሪ ይላል፤ የሚደርስለት ግን አልነበረምና ከንብረቱ ሁሉ ጩኸቱ ብቻ ለሰፈሩ ስም ሆኖ ቀረ። ሌሎቹ የከተማችን ሰፈሮች በመኳንንቱ፣ በሠራዊቱ፣ በባለሙያው ስም ሲጠሩ፣ ይህ ብቻውን ሰሚ ባጣ ጩኸት መሰየሙ ዘወትር ያስደንቀኛል።

ማስደነቁም ያለ ምክንያት አይደለም። የሰፈሩን ስም ያወጣው ሰው ከባላገር የመጣ እንደ ነበር እገምታለሁ፤ በባላገር ልማድ ኡኡታ ተሰምቶ ዝም አይባልምና። ጦር ያለው ጦሩን፣ የሌለው ዱላውን ይዞ ይወጣል እንጂ «የማን ጩኸት ነው?» ብሎ በምድጃው ዳር የሚቀመጥ ጎረቤት ነውረኛ ነው። በመንገድ የተጣሉ ሁለት ሰዎች እንኳ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው መቆም ግዴታው ነበር፤ የነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ መጀመሪያ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ዳኛ አድርገው በዛፍ ጥላ ሥር ይሟገታሉ። ያለ ጠመንጃና ያለ መለዮ ሕግን ያስከበረው ይህ ቃል ነው።

ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ አንዳንዱ አገር አፈርሳታ፣ ሌላው አውጫጭኝ የሚለው ሥርዓት ነበረ። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ነፍስ ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው በሙሉ በተቀጠረው ቀን በአንድ ሜዳ እንዲሰበሰብ ይለፈፋል፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል። የታመኑ ሽማግሎች ከመካከል ይመረጡና እያንዳንዱ ሰው ቃለ መሐላ እየፈጸመ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። በዚህ ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ ጥበብ የሚታይበት ነገር የወፏ ነው፤ የሌባውን ወገን በቀል የሚፈራ ሰው «አየሁ» ማለት ቢከብደው፣ ወፍ እንዲህ ብላ ነገረችኝ እያለ ምሥጢሩን ለሽማግሎቹ ያደርሳል፤ ወፏም ለምን አየሽ ተብላ አትከሰስም። ምርመራው ፍሬ ያጣ እንደ ሆነ ግን አገሩ በሙሉ አዋጥቶ የጠፋውን ንብረት ዋጋ ይከፍላል፤ ስለዚህ ሌባን መሸሸግ የራስን ኪስ ማራገፍ ነበር።

ይህን ስጽፍ የጥንቱ ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። ገበሬው በእርሻ ወራት ሞፈሩን ጥሎ ሜዳ ለሜዳ ይጉላላ ነበር፤ ቂመኛም በወፍ አፍ ጠላቱን ሊያስነክስ ይችላል። ሌባ ሻይ የተባለውማ ከዚህ የከፋ ነበር፤ መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ብላቴና በመቀነት ተይዞ በየደጁ እየተንገዳገደ ከአንዱ ቤት ገብቶ ሲወድቅ ባለቤቱ ሌባ ይባል ነበርና፣ መቅረቱ እሰይ የሚያሰኝ ነው።

አፈርሳታ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያውቅበት አገር እንጂ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ወታደርና ነጋዴ በሚተራመስበት ከተማ ሥር ሊሰድ አልቻለም። ስለዚህ አዲስ አበባ የራስዋን ጠባቂ ፈለገች፤ እርሱም ስሙን ከገበያው የወሰደው የአራዳ ዘበኛ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 በወጣው አዋጅ ቁጥር 6 የፖሊስ ሠራዊት በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ተቋቋመ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1950 ሲጸና፣ የሥነ ሥርዓቱም ሕግ በ1954 ሲከተል፣ ምርመራ የፖሊስ፣ ክስ የዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ የችሎት ሆኖ ተለየ። እርምጃው ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን የከተማው ሰው ጸጥታን ከራሱ ጫንቃ አውርዶ ባለ መለዮው ላይ ከጫነ በኋላ፣ ኡኡታ ሲሰማ መስኮቱን መዝጋት የተማረ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ነዋሪውን መልሶ ወደ ጥበቃ የጠራው በሌላ መንፈስ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወረስ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ አባወራውም ተራ እየገባ ሌሊቱን ሮንድ ወጣ። ሌባው ቀነሰ የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃ በቀይ ሽብር ዘመን በጎረቤት ልጅ ላይ ሲዞር፣ የጥንቷ ወፍ ነፍስ አስጠፊ ጠቋሚ ሆነች። ሕዝብና ፖሊስን በአንድ ሸንጎ ለማገናኘት የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ የወንጀል መከላከል በየሰፈሩ ጥርጣሬ የገጠመው፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ ትዝታ የተነሣ ነው፤ ነዋሪው ሌባን ለመጠቆም እንጂ ጎረቤቱን በሐሳቡ ለማስያዝ እንደማይጠራ እስኪያምን ድረስ አፉን አይከፍትም። የታመነ ጥበቃ ከተፈለገ ግን በየመንደሩ ገንዘብ አዋጥቶ የሌሊት ዘበኛ የሚቀጥረውን ነዋሪ ማየት ይበቃል፤ ካፖርቱን ደርቦ በእሳት ዳር የሚያነጋውን ሽማግሌ ደመወዙን የሚከፍለው ሰው ሁሉ በስሙ ያውቀዋል።

በ2016 የፒያሳና የአካባቢዋ አሮጌ መንደሮች ሲፈርሱ ነባሮቹ ነዋሪዎች ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ተበትነዋል። በእሪ በከንቱና በዙሪያው ተወልዳችሁ ያደጋችሁ አዛውንት ሆይ፣ የአራዳ ዘበኛን ነገር ከአባቶቻችሁ የሰማችሁ፣ በሮንድ ተራም ሌሊቱን ያነጋችሁ ካላችሁ፣ ቃላችሁ ከእናንተ ጋር ሳያልፍ ለልጆቻችሁ አስጽፉልን።