«አገር ስጠኝ»፤ ተረትና ተፈጥሮ በአትክልት ተራ ልጆች ዘንድ

በእንቆቅልሽ ጨዋታ ሥርዓት የተጠየቀውን መፍታት ያቃተው ልጅ የሚከፍለው ዕዳ ገንዘብ ሳይሆን አገር ነው። ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፤ ተሸናፊውም ከሚያውቃቸው ስፍራዎች የአንዱን ስም ጠርቶ ይሰጠዋል። ጠያቂው የተሰጠውን አገር ከወደደ ተቀብሎ ፍቺውን ይነግረዋል፤ ካልወደደም ሌላ ያስጠራዋል። በተረትም እንዲሁ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መመለስ ግድ በመሆኑ፣ ላም በማይታይበት ሰፈር የተወለደ የከተማ ሕፃን እንኳ ተረት ለመስማት አስቀድሞ በቃሉ ወደ በረት መግባት አለበት። በአበው ዘንድ ተረትና ምድር ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች አልነበሩም።

እነዚህ ሁለቱ በአዲስ አበባ የወጣቶች ሥራ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደተለያዩና የሚገናኙበትም ስፍራ ምን ያህል ቅርብ እንደነበረ ለሙያ ባልደረቦቻችን ማመልከት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የኢጣልያ ወራሪ ኃይል ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘበት ጊዜ በአራዳ የነበረውን የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ መርካቶም በዚህ ሁኔታ ተቆረቆረ። በአካባቢው የገበያ ልማድ እያንዳንዱ ሸቀጥ የራሱ ተራ አለው፤ ሸማ ተራ፣ ዶሮ ተራ ይባላል። በመርካቶና በፒያሳ መካከል የነበረው አትክልት ተራም እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የከተማይቱ ዋና የአትክልትና የፍራፍሬ ማከፋፈያ ነበር። ቀይ ሽንኩርቱ ከመቂ፣ ሙዙ ከአርባ ምንጭ፣ ብርቱካኑ ከአዋሽ ሸለቆ እየተጫነ ይገባ ነበር። በዚያ ተራ የሚሸከሙ፣ የሚለቅሙና ፌስታል የሚሸጡ ልጆች ብዙዎቹ እንደ ጭነቱ ሁሉ ከየገጠሩ የመጡ ነበሩ።

ከተማይቱ ለወጣቶቿ ያሰበችው በሌላ መንገድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ የሙያችን መሠረት ተጣለ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ታላላቅ ነገሮች በአንድ ዓመት ተጀመሩ። አንደኛው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲሆን፣ በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለዱት ተዋናይ ተስፋዬ ሣህሉ «አባባ ተስፋዬ» ተብለው ለአርባ ዓመታት ያህል ለሕፃናት ተረት የነገሩት በእርሱ ነው። አባባ ተስፋዬ ልጆችን በአበባና በፍሬ እየመሰሉ ሰላምታ ይሰጡ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉም ከአንድ ትውልድ በላይ አልቅሶ ሸኝቷቸዋል። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲሆን፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። ይኸው ሐሳብ በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሰፍቶ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወረዱ።

እነዚህ ሁሉ ታላቅ ሥራ እንደሠሩ መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ተረቱ ወደ ሣጥን ገባ፤ ምድሩ ደግሞ ዘመቻ ሆነ። በመስኮቱ ፊት የተቀመጠ ልጅ ይሰማል እንጂ «አገር ስጠኝ» ብሎ መጠየቅ አይችልም። ዘማቹም ገጠር የወረደው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተምር ነው፤ ከገበሬው ብዙ ተምረው የተመለሱ ቢኖሩም የዘመቻው መነሻ ዐሳብ ይህ አልነበረም። በሁለቱም መንገድ ዕውቀት ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል።

በዚያው ዘመን ገጠሩ ራሱ በየሌሊቱ እየተጫነ አትክልት ተራ ይደርስ ነበር። ከጭነቱ ሥር የቆመው ልጅ በሙያችን ዘገባዎች ዘወትር የሚገለጸው በጎደለው ነው፤ ቤት የለውም፣ ትምህርት የለውም፣ ጠባቂ የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ ይህንም ማቃለል ኃጢአት ይሆናል። ነገር ግን ከብት ጠብቆ ያደገ ልጅ ያለውም ነገር አለ። ጅብ በየትኛው ሰዓት እንደሚወጣ፣ የትኛው ፍሬ ሳይበስል እንደተቆረጠ፣ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ነፋሱ ምን እንደሚሸት ያውቃል። ከአያቱ የሰማውን የጦጣንና የጅብን ተረት እንደ ተሰማበት ኮረብታ አድርጎ ይተርከዋል። ይህን ሀብት የሚጠይቀው ሲያጣ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ይረሳዋል፤ የዚያን ጊዜ በእርግጥ ባዶ እጁን ይቀራል።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ነጋዴው ቦታ ተመድቦለታል፤ ሸክሙን የሚሸከም ልጅ ግን የሚከተለው መኪናውን ነው። ገበያ ሲነሣ በገበያው የተፈጠረው የልጆች ጉርብትናም አብሮ ይበተናል። ስለሆነም ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ከቦታ ቦታ ይዞት ሊሄድ የሚችለው ርስት ቃሉና ትዝታው ብቻ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ገደማ የተቋረጠው የሶሻል ወርክ ትምህርት በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዳግም ተከፍቶ ብዙ ወጣት ባለሙያዎችን አፍርቷል። እነዚህ ባልደረቦቻችን ከገበያ ልጆች ጋር ሲሠሩ የሚጀምሩበት መንገድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የዕለቱ ሥራ ሲያበቃ ልጆቹን በእንቆቅልሽ ማቀመጥ፣ ባለሙያውም ራሱ ተሸናፊ ሆኖ አገር መስጠት፣ በአንጻሩም እነርሱ የሚሰጡትን አገር ስለ ወንዙ፣ ስለ ዛፉና ስለ አውሬው እየጠየቁ መቀበል ይቻላል። ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ጉለሌ የዕፀዋት ማዕከል ሲወጡም በከተማ የተወለዱትን የሚመራው ከገጠር የመጣው ልጅ ይሁን። ትናንት በጀርባው ብቻ ይፈለግ የነበረው ልጅ በዚያች ቀን በዕውቀቱ ይፈለጋል።

የሀገራችን ተራኪ ትረካውን ሲፈጽም «ተረቴን መልሱ» ይላል። ከአትክልት ተራ ልጆች ጉልበት ብዙ ተቀብለናል፤ ተረታቸውን የመመለስ ዕዳ ግን ገና አልከፈልንም።