ሞተር የማስነሣት ጥበብ በጋይንት መንገድ

በበጌምድር ምሥራቅ፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በሚዋሰኑበት አገር የምትገኘው ቤተ ልሔም በሊቃውንት ዘንድ ስሟ የሚጠራው በድጓ ምስክርነቷ ነው፤ የዜማ ተማሪ ከየአገሩ ተነሥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ በእግሩ ካልደረሰባትና በመምህሯ ፊት ካላስመሰከረ በቀር የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት አይበቃም ነበርና። ጸሐፊው ቶማስ ፓክናም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 እዚያ ደርሶ በክቡ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰውሮ የኖረውን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ባየ ጊዜ እጅግ ተደንቆ በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ለዓለም አስታወቀ፤ ካህናቱ ግን ዘወትር ሲቀድሱበት ስለ ኖሩ፣ «ተገኘ» መባሉ ለእነርሱ ብዙም ትርጉም ያለው አይመስለኝም። ወደዚህ አገር የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ደቀ መዝሙርም ሆነ ፈረንጅ፣ ከእግሩና ከበቅሎው ሌላ የሚተማመንበት ኃይል አልነበረውም።

ከባዱን ነገር በዚህ ደጋ ላይ ማንቀሳቀስ ምን ያህል መከራ እንደ ነበር ለማወቅ ዐፄ ቴዎድሮስን ማስታወስ ይበቃል። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት ያስቀለጡትን፣ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚገመተውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከደብረ ታቦር በተነሡ ጊዜ፣ መንገዱን ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ሠራዊታቸው በጠፍር እየጎተተ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ቤተ ሆር ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ከመድፉ ጋር ድንኳኑ፣ ማድ ቤቱ፣ ሕሙማኑና እስረኛው ሁሉ አብሮ ይጓዝ ነበርና፣ ዛሬ የባሕር ማዶ ሰዎች አልጋቸውንና ምድጃቸውን በመኪና ጭነው በዚሁ ደጋ ሲያልፉ የሚያዩ ሽማግሌዎች ቤት በጉዞ ላይ መዋሉ እንግዳ ነገር ሊሆንባቸው አይገባም።

ሞተር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ ለዐፄ ምኒልክ ባደረሰ ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን የቤንዚን ሞተር የሚነሣው በክንድ ነበር፤ ማኖቬላውን የሚጠመዝዘው ሰው ሞተሩ ወደ ኋላ በመለሰበት ጊዜ አንጓው ይሰበር ነበርና፣ የመኪና ነገር ጎበዝ እንጂ ጌታ የሚደፍረው ሥራ አልነበረም። እርሳስና አሲድ አዋሕዶ ኃይለ ኤሌክትሪክን የማከማቸትን ጥበብ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 አስቀድሞ አግኝቶት ሳለ፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ከሞተር ማስነሻ ጋር አጋጥሞ በካዲላክ መኪና ላይ ለገበያ ያበቃው ከ53 ዓመት በኋላ፣ በ1912 ነው። በአገራችን ግን ማኖቬላ ለብዙ ዘመን የረዳቱ ድርሻ ሆኖ ቆየ።

በጋይንት ጫፍ የሚያልፈው ከወልድያ እስከ ወረታ ያለው፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ በቻይና መሐንዲሶች የተሠራው ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ሲሆን የተፈጸመው በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ኤንትሬው፣ አውቶቡሱና ፒካፑ በነፋስ መውጫ እየተመላለሱ የሾፌርን ብልሃት አስተማሩ፤ ባትሪው የደከመበት ሾፌር ማታ መኪናውን በቁልቁለት አፍ ላይ አቁሞ ያድራል፣ ጧት ፍሬኑን ለቆ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ሞተሩ ይነሣል። ቁልቁለት ባይኖር የመንደሩ ጎረምሶች ይገፋሉ።

ማደሪያ ባለው የእንግዳ መኪና ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ክብደቱ ለመግፋት አይመችም፣ ባትሪውም ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ለሞተሩ፣ ሌላው ለቤቱ መብራትና ማቀዝቀዣ። ስለዚህ ከአፋር በረሃ ወጥቶ በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያደረ መንገደኛ ጧት ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል፣ የቤቱ መብራት ግን ቦግ ብሎ ሲበራ፣ ባትሪ አለ ብሎ ሌላ ደዌ መፈለጉ የተለመደ ስሕተት ነው። በእርግጥ ባትሪውን የሚጎዳው የቆላው ሙቀት ነው፤ ብርዱ ግን በ0 ዲግሪ ከማስነሻ ኃይሉ ሲሶ ያህል ስለሚወስድበት፣ በቆላ የተጎዳው ባትሪ በደጋ ይጋለጣል።

አዋቂው ኤሌትራውቶ ባትሪ አምጡ ከማለቱ በፊት ማሰሪያዎቹን ያያል፤ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ያወጣ ማሰሪያ ጤነኛውን ባትሪ የሞተ ያስመስለዋልና፣ በሶዳና በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ ፍቆ፣ አጥብቆ ያስራል። ቀጥሎ በቴስተር ይለካል፦ ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ቢያሳይ ምሉዕ ነው፣ ወደ 12 ቢወርድ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። በሌላ መኪና ኬብል ሲያስነሣም የመጨረሻውን ጫፍ በባትሪው ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ ያስራል፤ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጂን ከብልጭታ ጋር ከተገናኘ ይፈነዳልና። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካልታየ ግን ጥፋቱ የዲናሞው ነው፤ ያን ሳያዩ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብን ለሁለተኛ ሞት ማዘጋጀት ነው።

ሳይሞላ ብዙ ጊዜ የቆመ ባትሪ በሳኅኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይረጋበትና ቻርጅ አልቀበልም ይላል፤ ያን ጊዜ መለወጥ ግድ ነው። ኔጋቲቩ በፊት ይፈታል፣ በኋላ ይታሰራል፤ መፍቻው ፖዘቲቩን ከሻንሲው ጋር ቢያነካካ የሚነሣው እሳት ቀላል አይደለምና። የአዲሱ ልክ፣ የምሶሶዎቹ አቅጣጫና የማስነሻ ኃይሉ ከአሮጌው እንዲስማማ ያስፈልጋል፤ በትንንሽ ከተሞች ሱቅ የሚገኘው ሁሉ ለከባዱ ሞተር አይበቃም።

አሮጌው ግን አይጣልም። በገጠር ከተሞች ሞተር ማስነሣት የተሳነው ባትሪ ቴፕና ሬዲዮ ሲያሰማ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ያም ሲያቅተው ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ስለ ሆነ በኪሎ ይሸጣል፣ እርሳሱም ቀልጦ ሌላ ባትሪ ይሆናል።