ራሳቸውን በራሳቸው የሚገነቡ ፔፕታይዶች፦ ምንነታቸውና ለሕክምና ያላቸው ተስፋ

ደብረ ብርሃን፦ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ባና ወይም ዝተት ለሰሜን ሸዋ ደጋ ነዋሪ አዲስ ነገር አይደለም። የፀጉሩ ውስጣዊ አሠራር ግን ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች በስፋት ከሚጠና የሳይንስ ዘርፍ ጋር የተዛመደ ነው። የበግ ፀጉር በዋናነት ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተገኘ ነው። የኬራቲን ሰንሰለቶች ሁለት ሁለት ሆነው ይጠማዘዛሉ፤ ጥምዞቹ ተደራርበው ክር፣ ክሮቹም ተሰባስበው ፀጉር ይሆናሉ። ይህን ክር የሚፈትል እጅ የለም፤ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሳስበው በየቦታቸው ይገጣጠማሉ።

ተመራማሪዎች ይህንኑ የተፈጥሮ ሥርዓት በመከተል ለሕክምና የሚውሉ አዳዲስ ቁሶችን ይሠራሉ። ቁሶቹ ራሳቸውን በራሳቸው የሚገነቡ ፔፕታይዶች ይባላሉ።

ፔፕታይድ ምንድን ነው?

አሚኖ አሲዶች የፕሮቲን መሥሪያ ንጥረ ነገሮች ናቸው። እንደ ዶቃ ተሰክተው ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ ፕሮቲን፣ ሰንሰለቱ አጭር ሲሆን ደግሞ ፔፕታይድ ይባላል። ፔፕታይዶች ተያይዘው የሚሠሩት ክር ውፍረቱ 10 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ በመሆኑ፣ ክሩ ከአንዲት የበግ ፀጉር በሺዎች እጥፍ የቀጠነ ነው።

ግኝቱ ከእርሾ ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ የሆኑት ሹጓንግ ዣንግ የእርሾን ፕሮቲን ሲያጠኑ 16 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቁራጭ አገኙ። ቁራጩ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ በራሱ ተያይዞ ስስ ንጣፍ ሠራ። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ።

ምክንያቱ የሰንሰለቱ ሁለት ጎኖች ጠባይ መለያየቱ ነው። አንዱ ጎን ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ውሃ ይሸሻል። ቅቤ በውሃ ውስጥ ተሰባስቦ ለብቻው እንደሚቆም ሁሉ፣ ውሃ የሚሸሹት ጎኖች ፊት ለፊት ይጣበቃሉ። ውሃ በሚወደው ጎን ያሉት ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙሌቶችም እየተሳሳቡ ክሩን ያረዝሙታል።

ደም ለማቆም

በሥራ ላይ ከዋሉት ውጤቶች አንዱ ደም ማቆሚያ ነው። ይህ ፈሳሽ ከመቶ 97 እጅ በላይ ውሃ ነው። በቀዶ ሕክምና ወቅት በሚደማው ቦታ ላይ ሲፈስ፣ ከደሙ ጨው ጋር ተገናኝቶ በአጭር ጊዜ ወደ ዝልግልግ ሽፋን ይለወጣል። ከእንስሳም ሆነ ከሰው ደም ያልተወሰደ ከመሆኑም በላይ ከጊዜ በኋላ ተበታትኖ በሰውነት ይወገዳል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2014፣ አሜሪካ ደግሞ በ2021 ለተወሰኑ ሕክምናዎች ፈቅደውታል።

ለጀማሪ የጥርስ መበስበስ የሚውል ፔፕታይድም አለ። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸው አይጦች አንድ መርፌ ከተወጉ በኋላ በሳምንታት ውስጥ መራመዳቸውን አሳውቀዋል። ይህ ግን የአይጥ ሙከራ እንጂ ለሰው የተፈቀደ ሕክምና አይደለም።

በኢትዮጵያ በሥራ ላይ ያለው የቅርብ ምሳሌ

ይኸው ራስን በራስ የመገንባት ሥርዓት በአገራችን በስፋት በሚሰጥ ክትባት ውስጥም ይገኛል። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት፣ ከአጭር ፔፕታይድ ሳይሆን ከሙሉ ፕሮቲን የተሠራ ነው። ፕሮቲኑ የበሽታ አምጪውን ቫይረስ ሽፋን ይመስላል። ቅጂዎቹ ተገጣጥመው ውስጡ ባዶ የሆነ ሉል ይሠራሉ። ሉሉ የቫይረሱ ዘር ስለሌለበት አያሳምምም፤ ሰውነት ግን ጠላቱን ለይቶ እንዲያውቅ ያደርጋል። የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። ስለዚህ ልጅን በወቅቱ ማስከተብ የዚህን ሳይንስ ፍሬ ዛሬውኑ መጠቀም ነው።

ምን ይቀራል?

ፔፕታይድ በንጽሕና ለማምረት ውድ ነው፤ የሚሠራው ሽፋንም ለስላሳ በመሆኑ ብዙ ጫና አይሸከምም። ደም ማቆሚያውም ሆነ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለባቸው። የደብረ ብርሃን ብርድ ማቀዝቀዣን አይተካም፤ ክትባቱ ከሞቀ ብቻ ሳይሆን በውርጭ ከረጋም ይበላሻል። ገደላማ በሆኑት የአንኮበር ቀበሌዎች መድኃኒትን ቅዝቃዜውን ጠብቆ ማድረስ ከግኝቱ ያልተናነሰ ሥራ ነው።

ደም ማቆሚያው በሐኪም እጅ የሚሠራበት እንጂ በገበያ የሚገዛ አይደለም። በማጭድ ወይም በመጥረቢያ የተቆረጠ ሰው ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ሳይለቀቅ ተጭኖ ተይዞለት ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መድረስ ይኖርበታል። «ናኖ» በሚል ስም ሁሉን በሽታ ይፈውሳል ተብሎ የሚሸጥ ነገር ሲያጋጥምም፣ ከመግዛት በፊት የጤና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።