ሎስ አንጀለስ፤ የሞተሩ ጭስና የመንገዱ ርዝመት

ጁላይ 26 ቀን 1943 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ዐይናቸውን እያቃጠላቸው፣ ጉሮሯቸውን እየከረከራቸው፣ ከጥቂት ሕንፃዎች አልፈው ማየት ተሳናቸው። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበርና ጃፓን መርዝ የለቀቀች የመሰላቸውም ነበሩ። ቀጥሎም ለሰው ሠራሽ ጎማ የሚሆን ኬሚካል በሚያመርት አንድ ፋብሪካ ላይ ተፈረደ፤ ፋብሪካው ለጊዜው ቢዘጋም ጭጋጉ ግን አልቀረም። በደጋ አገር ላደገ ሰው ጉም የብርድና የዝናብ ጓደኛ ነው፤ ይህኛው ግን በጠራራ ፀሐይ የሚብስ፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ የሚያደላ ነበር።

ምስጢሩን የፈቱት በትውልዳቸው ሆላንዳዊ የሆኑት፣ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ባዮኬሚስት አሪ ሀገን ስሚት ናቸው። እኒህ ሊቅ ቀደም ሲል የአናናስ ጣዕም ከምን ከምን እንደሚገኝ ይመረምሩ የነበሩ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከመኪና ማርሚታና ከነዳጅ ማጣሪያዎች የሚወጣው ሃይድሮካርቦን ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጋር ሆኖ በፀሐይ ብርሃን ኦዞን እንደሚያስገኝ አሳዩ። ከተማይቱ በተራሮች የተከበበች ከመሆኗም በላይ፣ በበጋ ከላይ የሚረጋው ሞቃት አየር እንደ ምጣድ አክንባሎ ስለሚከድናት ጭሱ መውጫ አያገኝም።

ነገር ግን ተራራውም ሞቃቱ አየርም ከጥንት የነበሩ ናቸው። ሊጠየቅ የሚገባው ከተማይቱ ይህን ያህል መኪና ልትፈልግ የቻለችው እንዴት ነው የሚለው ነው። መልሱም ብዙ ሰው እንደሚገምተው ከመኪና አይጀምርም፤ ከሐዲድ ይጀምራል። በ1901 ሄንሪ ሀንቲንግተን ያቋቋሙት ፓሲፊክ ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ፣ በኤሌክትሪክ የሚነዱ ቀያይ ባቡሮቹን ከመካከለኛው ከተማ እስከ ባሕሩ ዳርቻና እስከ ብርቱካን እርሻዎቹ ድረስ አሠማርቶ ነበር፤ በ1920ዎቹም የሐዲዱ ርዝመት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። የሀንቲንግተን ትርፍ ግን ከቲኬቱ ይልቅ ከመሬቱ ነበር። ሐዲዱ ይዘረጋ የነበረው ሰው ወደ ሰፈረበት ብቻ ሳይሆን የሚሸጥ መሬት ወዳለበትም ነው። ስለዚህ ከተማይቱ ገና መኪና ሳይበዛባት በሰፊው ተበትና ተቆረቆረች፤ አነስተኛ ቤት ከነጓሮው የገዛው ሠራተኛም ከሥራው እጅግ ርቆ ሰፈረ። ጭስ አልባው ባቡር ለጭሱ ዘመን መሠረት ጣለ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

መሬቱ ተሸጦ ሲያልቅ ሐዲዱን ይደጉም የነበረው ገንዘብ ነጠፈ። በመካከለኛው ከተማ ባቡሩ ከመኪና ጋር በአንድ መንገድ እየተጋፋ ይዘገይ ጀመር። በ1920 የከተማው አስተዳደር በዚያ አካባቢ መኪና በቀን መንገድ ዳር እንዳይቆም ቢከለክልም፣ ነጋዴው ስለ ጮኸ ክልከላው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ላላ። በዲሴምበር 1940 ደግሞ የአሮዮ ሴኮ አውራ ጎዳና ተከፈተ። ባቡሮቹን የመኪና፣ የጎማና የነዳጅ ኩባንያዎች ዶልተው አጠፏቸው የሚል ታሪክ በሰፊው ይነገራል። በ1949 ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹን ጥፋተኞች ማለቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የተፈረደባቸው ለከተማ ትራንስፖርት ድርጅቶች አውቶቡስና ዕቃ የመሸጡን ንግድ ለብቻቸው ለመያዝ በመዶለታቸው ነው። ባቡሩ ከዚያ አስቀድሞ ታምሞ ነበር። የመጨረሻው ቀይ ባቡር ወደ ሎንግ ቢች ይመላለስ የነበረው ሲሆን፣ በኤፕሪል 1961 ቆመ።

የመሐንዲሶቹ ድል የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ካሊፎርኒያ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ለመኪና ጭስ ልክ አወጣች፤ በ1967 የአየር ሀብት ቦርድ አቋቁማም ሀገን ስሚትን የቦርዱ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር አደረገቻቸው። ፋብሪካዎቹ በቀላሉ አልተረቱም። በ1969 የፌዴራሉ መንግሥት የጭስ መቀነሻ መሣሪያ ሥራን ተስማምተው አዘግይተዋል ብሎ ከሰሳቸው፤ ጉዳዩም በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘጋ። በ1975 ሞዴል መኪናዎች ላይ ካታሊስት መገጠም ጀመረ፤ እርሳስ በውስጡ ያለውን ፕላቲን ስለሚያበላሸው እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ግድ ሆነ። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1960 እስከ 2010 በአካባቢው የሚቃጠለው ነዳጅ 3 እጥፍ ሲያድግ፣ በአየሩ ውስጥ የሚገኘው በዋነኛነት ከተሽከርካሪ የሚወጣ ተናኝ ውሕድ ወደ አንድ ሃምሳኛ ወርዷል።

ከዚህ ውስጥ 3 እጥፍ የሚለው በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ካታሊስት ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል እንጂ የሚቃጠለውን ነዳጅ አይቀንስም። በባትሪ የሚሄደው መኪናም ማርሚታ ባይኖረውም የጎማ ብናኝ ይረጫል፤ መንገዱንም እንደ ሌላው ይይዛል። የከተማይቱ ኦዞን ዛሬም ከፌዴራሉ ልክ በላይ ነው። ሸክሙም በእኩል አልተደለደለም፤ አውራ ጎዳናዎቹ የቦይል ሃይትስን ሰፈር ከፋፍለውት ስላለፉ፣ መኪና የሌለው ቤተሰብ እንኳ የአላፊ አግዳሚውን ጭስ ሲተነፍስ ኖሯል።

ስለዚህም ወደ ርቀቱ ጥያቄ መመለስ ግድ ሆነ። በ1968 እና በ1974 መራጩ ሕዝብ ለባቡር ግብር መክፈልን አልተቀበለም፤ በ1980 ግን በእያንዳንዱ የዶላር ሽያጭ ላይ ግማሽ ሳንቲም እንዲጨመር ፈቀደ። በጁላይ 1990 የተከፈተው የሎንግ ቢች መስመር አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በዚያው በቀዩ ባቡር መሬት ላይ ነው፤ መሬቱ የተረፈውም የጭነት ባቡር ይመላለስበት ስለ ነበር ነው። ዳሩ ግን ሐዲዱ ቢመለስም ቤቱና ሥራው እንደ ተበተነ ነው፤ አብዛኛው ሠራተኛ ዛሬም የሚመላለሰው በመኪና ነው። የከተማው ደንብ ቤት የሚሠራ ሁሉ የመኪና ማቆሚያ እንዲያዘጋጅ ለብዙ አሥርታት ሲያስገድድ ስለ ኖረ፣ በጣቢያዎቹ አጠገብ እንኳ ሰው ሊሰፍርበት ይችል የነበረውን መሬት መኪና ይዞታል። በ2022 ወጥቶ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በጸናው የካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት፣ ከዋና ዋና ጣቢያዎች በ800 ሜትር ክልል ውስጥ ለሚሠራ ሕንፃ ከተሞች ማቆሚያን ግዴታ ማድረጋቸው በአመዛኙ ቀርቷል። ማቆሚያ መሥራት ግን አልተከለከለም፤ ምርጫው ለባለ ሕንፃው ተተወ።