«ነጌቲቭ ነህ» ከተባለ በኋላም የማይለቅ የበሽታ ፍርሃት፦ ኦሲዲ ምንድን ነው? እንዴት ይታከማል?

በኢንቦክስ ቶሎ ቶሎ የሚደርሰን አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። ጠያቂው ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጥ እርጥብ ነገር ነክቶታል፣ ወይም ፀጉር ቤት ማሽኑ ትንሽ ጫር አድርጎታል። ደም ይሁን አይሁን አላየም። «ኤችአይቪ ይይዘኛል?» ይላል። እንመልሳለን። ከሁለት ቀን በኋላ ይመለሳል፦ «ግን ጣቴ ላይ ቁስል ኖሮ ቢሆንስ?» ተመርምሮ ነጌቲቭ ከተባለ በኋላም ይመለሳል፦ «ላብራቶሪ ውስጥ ውጤቴን ከሌላ ሰው ጋር ቀያይረውት ቢሆንስ?»

ይሄ የዕውቀት ማነስ አይደለም። እንዲህ ደጋግመው የሚጠይቁ ልጆች ስለ ኤችአይቪ ከእኛ የበለጠ አንብበዋል። በወንበር እንደማይተላለፍ ያውቁታል፤ ማወቃቸው ግን አያሳርፋቸውም። እንዲህ ዓይነቱ ፍርሃት ሲቆይና ኑሮን ሲያናጋ፣ ሐኪሞች ኦሲዲ የሚሉት ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕክምና አለው። ምን ያደርጋል፣ ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚፈልገው ላብራቶሪ መስኮት ላይ ተሰልፎ ነው።

ኦሲዲ ምንድን ነው?

ኦሲዲ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን እጁን መላልሶ የሚታጠብ፣ በር ቆልፎ ተመልሶ የሚያይ ሰው ነው። ልክ ነው፣ ግን ይሄ ብቻ አይደለም። ሕመሙ ሁለት ነገር አለው። አንዱ ሳይጠሩት መጥቶ አልወጣም የሚል ሐሳብ ነው፤ «ቢይዘኝስ?» የሚል። ሌላው ያ ሐሳብ የሚያመጣውን ጭንቀት ለማብረድ የሚደረግ ነገር ነው። በበሽታ ፍርሃት ላይ ይህ ሁለተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ አይታይም። ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞሩ መመርመር፣ አንገት ላይ ዕጢ መዳበስ፣ ምላስን በስልክ ፎቶ እያነሱ ከትናንቱ ጋር ማወዳደር፣ እናትን «ግንባሬን እስቲ ንኪኝ» እያሉ ማስቸገር፣ ያን ቀን የሆነውን በጭንቅላት ውስጥ እንደ ፊልም እየመለሱ ማየት፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ከ100 ሰዎች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ኦሲዲ እንደሚያጋጥማቸው በተለያዩ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ ዕድሜ ወይም በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ማለትም ይህን ገጽ በሚከታተሉት ልጆች ዕድሜ። «ከባድ በሽታ ይዞኛል» የሚለው የማይለቅ ጭንቀት ራሱን የቻለ ስም ሊሰጠውም ይችላል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ግን ከኦሲዲ ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ሁለቱ የሚመሳሰሉበት ነገር ስላለ ነው።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ መጥፎ ሐሳብ መምጣቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ራክማን እና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጤነኛ ከሆኑ ሰዎች አብዛኞቹ ያልፈለጉት አስፈሪ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው አሳይተዋል። ልዩነቱ ሌላው ሰው «ኧረ ተወው» ብሎ ያልፋል፤ ኦሲዲ ያለበት ሰው ግን ሐሳቡን እንደ ማስጠንቀቂያ ይቆጥረውና ሊያጣራ ይነሳል። እዚያ ላይ ነው የሚታሰረው።

ማጣራቱ ነው የሚያቆየው

ምርመራው እኮ ያሳርፋል። ችግሩም ማሳረፉ ነው። ውጤቱን ይዛችሁ ስትወጡ ደረታችሁ ቀለል ይላል፣ ምግብ ይበላላችኋል። አእምሮ ግን ከዚህ የሚማረው «ጤነኛ ነኝ» የሚለውን ሳይሆን «ያረፍኩት ስላጣራሁ ነው» የሚለውን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሐሳቡ ሲመጣ ሌላ ማጣሪያ ይጠይቃል፤ እረፍቱም እያጠረ ይሄዳል። መጀመሪያ አንድ ወር ያቆይ የነበረ ነጌቲቭ ውጤት በኋላ ከግቢው በር ሳትወጡ ያልቃል። ኦሲዲ የሚፈልገው መቶ በመቶ እርግጠኛነትን ነው። እሱን የሚሰጥ ላብራቶሪ ደግሞ በዓለም ላይ የለም።

ስልክ ይህን ነገር አብሶታል። ጎግል ላይ «ራስ ምታት» ብሎ የጀመረ ሰው አምስት ደቂቃ ሳይሞላው የጭንቅላት ዕጢ ላይ ይደርሳል። ቲክቶክ ደግሞ አንድ ስለ ካንሰር የሚያወራ ቪዲዮ አይታችሁ ከጨረሳችሁ ሌላ አሥር ያቀርብላችኋል። ቻትጂፒቲ አይሰለችም፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይም ለሃያኛ ጊዜ ይመልሳል። የሰፈር ነርስ ብትሆን በሦስተኛው ቀን «በቃ ሂድና ተኛ» ትል ነበር፣ እሷ ትሻላለች። እኛም ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ለሚልክልን መመለስ ያቆምነው ንቀን አይደለም፤ መልሳችን እንደ ሱስ እየሆነበት ስለሚሄድ ነው።

የእኛ ሀገር የላብራቶሪ ልማድም አያግዝም። ጭንቀት ራሱ ሆድ ይረብሻል፣ ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ ያደክማል። ይህን ይዞ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት የታይፎይድ ምርመራ ነው። ዊዳል የሚባለው ይህ ምርመራ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። ስለዚህ በፊት ይዟችሁ ከነበረ፣ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ካለባችሁ፣ አሁን ታይፎይድ ሳይኖርባችሁም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ፈሪው ሰው አንቲባዮቲክ ይዞ ይመለሳል፣ «በሽታ እንዳለብኝ አውቄው ነበር» ይላል፣ ሆዱ ግን መረበሹን አይተውም። በነገራችን ላይ ቡናና ጫትም ልብን ያስመታሉ። በሲዳማ ምድር ቡና አትጠጡ አንልም፤ ከምርቃና በኋላ የሚመጣውን የልብ ምት ግን የልብ ድካም አድርጋችሁ አትተርጉሙት።

ታዲያ መቼ ነው መፍራት ያለብን?

በሽታ በእውነት አለ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሀገር ውስጥ ገባ ሲባል፣ ህዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ጂንካ ላይ ማርበርግ ተገኘ ሲባል መጠንቀቅ ተገቢ ነበር። መለያው እንዲህ ነው፦ ጥንቃቄ መጨረሻ አለው። ጤና ሚኒስቴር ያለውን ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ሥራችሁን ትቀጥላላችሁ። ኦሲዲ መጨረሻ የለውም፤ የታዘዘውን ጨርሶ የራሱን ሕግ ይጨምራል።

ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ። ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከነበረ ወይም ሌላ ሰው የተጠቀመበት መርፌ ከወጋችሁ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ደግሞ ከ3 ወር በኋላ ነጌቲቭ ካለ ጉዳዩ ያበቃል። እነዚህ ላይ አትዘናጉ። ውሻው በአጠገባችሁ ስላለፈ ብቻ ክትባት ፍለጋ መሄድ፣ ወይም ከ3 ወር በኋላ ለአምስተኛ ጊዜ መመርመር ግን ሌላ ነገር ነው።

ሐኪሞች የሚያዩት አንድ መለኪያ ጊዜ ነው። ሐሳቡና ማጣራቱ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ ከሆነ፣ ወይም ትምህርት፣ ሥራና ግንኙነት ላይ ጉዳት እያደረሰ ከሆነ መታየት አለበት።

ሕክምናው

ዋናው ሕክምና ቀስ በቀስ የሚፈሩትን ነገር መጋፈጥና ማጣራቱን መከልከል ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለንደን ውስጥ በሁለት ታካሚዎች ላይ ሞክሮ ውጤቱን አሳተመ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለኦሲዲ መጀመሪያ የሚመከረው የንግግር ሕክምና ከዚያ የመጣ ነው።

በእኛ ከተማ ምሳሌ እንየው። ባጃጅ ወንበር የሚፈራ ልጅ መጀመሪያ ወንበሩን በሞባይል መብራት ሳያይ ከፒያሳ ወደ አቶቴ ይሄዳል። ሲለምደው እጁን ወንበሩ ላይ አሳርፎ ይሄዳል። ከዚያ ቤት ገብቶ ሱሪውን ሳይቀይር አልጋው ላይ ይቀመጣል። በየደረጃው ከባዱ ሥራ መጋፈጡ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ጎግል አለማድረጉ፣ ማንንም አለመጠየቁ ነው። ሐሳቡ «ቢይዝህስ?» ሲል መልሱ «አይይዘኝም» ሳይሆን «እንጃ፣ አላጣራም» ነው። ጭንቀቱ ይጨምራል፣ ይቆያል፣ ከዚያ ሳያጣራም ይወርዳል። አእምሮ በራሱ ያየዋል። ይህ ማለት ግን የሌላ ሰው ምላጭ መጠቀም አይደለም፤ ጤነኛ ሰው የማያደርገውን አደጋ ማንም አያዝም። ፀጉር ቤት አዲስ ምላጭ መጠየቅ ልክ ነው፣ አንዴ።

ሁለተኛው መንገድ መድኃኒት ነው። ፍሎክሰቲን እና ሰርትራሊን ይታዘዛሉ። ለኦሲዲ ብዙውን ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋል፤ ለውጡ በደንብ እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ይህን ስላልተነገረው ነው። በራስ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥ ያማል። ዕድሜያችሁ ከ25 በታች ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊባባስ ስለሚችል፣ አብሯችሁ የሚከታተል ሰው ይኑር፤ ሐሳቡ ከመጣ ወዲያው ወደ ሐኪማችሁ ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ስለ እምነት ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ሙስሊም ወንድምና እህቶቻችን ወስዋስ የሚሉት ነገር ውስጥ፣ ውዱእ ፈረሰ አልፈረሰም እያሉ ደጋግሞ መታጠብ አለ፤ ከኦሲዲ ጋር በጣም ይቀራረባል። ብዙ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው ጸበል ነው። መሄዱን አንቃወምም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ጊዜ ለኤችአይቪ ሕሙማን ጸበልና መድኃኒት አይጋጩም ብለው ነበር፤ ለዚህም ሕመም እንደዚያው ነው። መድኃኒት አስጥሎ «ጸበሉ ብቻ» የሚል ካለ ግን አትስሙት።

ቤት ውስጥ ያላችሁ ሰዎች፣ እናት፣ ወንድም፣ ፍቅረኛ፦ «አይዞህ ምንም የለብህም» የሚለውን በአንድ ቀን አታቁሙት፤ ከልጁ ጋር ተነጋግራችሁ ቀንሱት። «ይህን ጥያቄ እንደማልመልስ ተስማምተናል፣ ና ሐይቅ ዳር እንሂድ» ማለት ይበቃል። መቆጣትና «እብድ ሆንክ እንዴ» ማለት ግን ወደ መደበቅ ነው የሚገፋው።

ሀዋሳ ውስጥ ሪፈራል የምንለው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። በማኅበረሰብ ጤና መድህን የምትታከሙ ከሆነ ከጤና ጣቢያችሁ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። መጋፈጥ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ «ይህን ሕክምና ትሰጣላችሁ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ክፍሉ ስትገቡ የምትፈሩትን በሽታ ብቻ ተናግራችሁ አታቁሙ፤ እሱን ብቻ ከተናገራችሁ ሌላ የላብራቶሪ ወረቀት ሊጻፍላችሁ ይችላል። «አንድ ሐሳብ አልወጣ ብሎኛል፣ ለማብረድ ይህን ይህን አደርጋለሁ፣ በቀን ይህን ያህል ሰዓት ይወስድብኛል» በሉ። እስካሁን ስንቴ እንደተመረመራችሁም ንገሯቸው።